ከአራት ኪሎ እስከ ቡታጅራ በአንድ ሞተር፦ እንዴት እንደመረጥኩ

ሁለት ሞተር መግዛት የሚችል ሰው ይህን ጽሑፍ ባያነብም ይቀራል። የእኔ አቅም ለአንድ ብቻ ነው። ያ አንዱ ደግሞ በሥራ ቀን ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ለገሃር፣ ከዚያ ሜክሲኮና ካዛንቺስ ሲያመላልሰኝ ይውላል። ሥራዬ የቢሮ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን መጠገን ስለሆነ ከኋላዬ የመፍቻ ሳጥን አይጠፋም። በእረፍትና በበዓል ደግሞ ቡታጅራ አለ፤ ቤተሰብ እዚያ ነው። ጊዜ ካገኘሁ ከቡታጅራ በዝዋይ አድርጌ እስከ ሐዋሳ መውረድም እወዳለሁ።

ለሁለቱም የሚሆነው የቱ ነው ብዬ ስጠይቅ ሰው ሁሉ የሚያወራኝ ስለ ሲሲ (ስለ ሞተሩ የሲሊንደር መጠን) ነበር። አንዱ "125 ምን አነሰህ" ይላል። ሌላው "ከ400 በታች ለአገር ቤት መንገድ አይሆንም" ብሎ ይገዝታል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ግን ለእኔ አልጠቀሙኝም። ስለዚህ ወረቀት አውጥቼ መሃሉን በመስመር ከፈልኩት። በአንድ በኩል ከገዛሁ በኋላ መቀየር የምችለውን ጻፍኩ፦ ወንበር፣ ጎማ፣ ፖርቶመጋላ (የጭነት መደርደሪያ)፣ የንፋስ መከላከያ፣ መብራት። በሌላው በኩል የማልችለውን፦ ክብደት፣ ከፍታ፣ የሞተሩ ጉልበት፣ መለዋወጫው መርካቶ መገኘት አለመገኘቱ። ገንዘቤን የማወጣው ለሁለተኛው ዝርዝር ነው አልኩ። የመጀመሪያው ቀስ እያለ ይሞላል።

ከሞተሩ በፊት ግን ወረቀት። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማ አስተዳደሩ በአዲስ አበባ የሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ መጣሉን የማያስታውስ ሞተረኛ የለም። የእኔ ፈቃድ የተገኘው በሥራዬ ምክንያት ነው። የእናንተ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ዓይነቱን ሞተር በዚህ ሰሌዳ ከተማ ውስጥ መንዳት ይፈቀድልኝ እንደሆነ ብላችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደላላ የሚላችሁን አትመኑ። ደላላ ሁሉም ነገር ይፈቀዳል ነው የሚለው።

አሁን ወደ ጉልበቱ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተር ደግሞ የሚሠራው በነዳጅ ብቻ ሳይሆን በአየር ጭምር ነው። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የፋብሪካው ወረቀት ላይ 12 ፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ፒያሳ ላይ 9 ገደማ ነው ማለት ነው። ብቻችሁን ስትነዱ ላይታወቃችሁ ይችላል። ባለቤታችሁን ከኋላ፣ ቦርሳውን ከጎን ጭናችሁ ዳገት ስትጀምሩ ግን ወዲያው ይነግራችኋል።

ሌላው ካርቡሬተር ነው፤ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል። በፋብሪካው ልክ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚያንሰው ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ማደያ መሄድ ይበዛል። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ አጥብባችሁ ያስተካከላችሁት ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰውና ከመጠን በላይ ይሞቃል። በኢንጀክሽን (ነዳጁ በሴንሰር ተለክቶ በሚረጭበት ዘዴ) የሚሠራው ይህን በራሱ ያስተካክላል። እንግዲያው ኢንጀክሽን ይሻላል ማለት ነው? ለጉዞ፣ አዎ። ችግሩ ቡታጅራ መንገድ ላይ ባሉት ትንንሽ ከተሞች፣ ኬላ ወይም ቡኢ ላይ ሴንሰሩ ቢበላሽ ማን ይነካዋል? ካርቡሬተር ግን ገጠር ያለ መካኒክ በአንድ ጠመንጃ መፍቻ ፈቶ፣ ነፍቶ ይሰጣችኋል። እኔ በዚህ ምክንያት ካርቡሬተርን መረጥኩ። የኢንጀክሽን ወዳጆች እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ።

ከዚያ እጩዎቹን አየሁ። ባለ ሁለት ጎማው ባጃጅ ቦክሰርና መሰሎቹ ለከተማ ወደር የላቸውም፤ ነዳጅ አይበሉም፣ እቃቸው የትም አለ። በጭነት ከመልካ ቁንጥሬ ሸለቆ ሲወጡ ግን ያሳዝናሉ። ከከባዶቹ ቢኤምደብሊው አር 1250 ጂኤስን ያነሳሁት ለወሬ ያህል ነው። 249 ኪሎ ነው። ሰባራ ባቡር ላይ መጨናነቅ ውስጥ ገብቶ ያን ለማቆም ጉልበትም ልብም ይፈልጋል። ልቤን የነካው ሮያል ኢንፊልድ ሂማላያን 411 ነበር። የአንድ ወዳጄን ነድቼዋለሁ። 24 ፈረስ ጉልበት፣ 15 ሊትር ሰርባትዮ፣ ዝቅ ያለ ወንበር፣ ለጉድጓድ የሚሆን ባለ 21 ኢንች የፊት ጎማ። ለጉዞ ብቻ ቢሆን ውይይቱ እዚያ ያልቅ ነበር። ግን 200 ኪሎ ገደማ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ የፍሪሲዮን ሸራና የፍሬን ሸራ ስጠይቅ ደግሞ ባለሱቆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

እዚያው ተራ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ መካኒክ አሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይገዛሉ?" አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ልጄ፣ እኔ ሞተር አልመርጥም፤ እቃ ነው የምመርጠው። የማን እቃ እዚህ ሞልቷል? እሱን ግዛ" አሉኝ።

ኤሌክትሪክ ሞተርም ይታሰብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ በኋላ ከተማው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ያለ ጥርጥር ይህን እመክራለሁ። ማታ ቤት ሰክቶ ጠዋት መውጣት ነው። ቡታጅራ ግን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ ላይ ባትሪ አልቆ መቆም አልፈልግም።

በመጨረሻ የገዛሁት ብዙዎች ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ነው፦ ያገለገለ ያማሃ ኤጂ 200። አያምርም። ሲታይ የወረዳ ባለሙያ ሞተር ነው የሚመስለው። የተሠራው በመጀመሪያ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች ነው፤ በግ ለሚጠብቁ ሰዎች። ግን የማይቀየረውን ዝርዝሬን አንድ በአንድ መለሰልኝ። ቀላል ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ራዲያተር የለ፣ ውኃ የለ። ካቴናው ሙሉ በሙሉ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ አይደርስበትም። በቁልፍም በእግርም ይነሳል፤ ባትሪ ቢሞት መገፋት የለም። ፊትም ኋላም ፖርቶመጋላ ይዞ ነው የሚመጣው። መለዋወጫው? የእርዳታ ድርጅቶች እነዚህን ያማሃዎች በየገጠሩ ሲነዱ ስለኖሩ የማያውቃቸው መካኒክ ማግኘት ይከብዳል።

ከድርጅት የወጣ ሞተር ስትገዙ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ሳታዩ ስም ይዞራል ብላችሁ አትክፈሉ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ቁጥሩ ቆሽሾ ከሆነ በቤንዚን ጠርጉት። የተፈገፈገ ከሆነ ሂዱ።

አፈታተሼን ልንገራችሁ፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህ ነው። ጠዋት ነው የምመጣው እላለሁ፤ ሳልደርስ እንዳታስነሱት እላለሁ። ስደርስ መጀመሪያ እጄን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጋለሁ። አንድ ሻጭ ሞተሩ ለብ ብሎ አገኘሁት። "አሁን ከመንገድ ገብቼ ነው" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ቀዝቃዛ ሞተር በጠዋት እንዴት እንደሚነሳ ካላየሁ ምንም አላየሁም። ቻው ብዬ ሄድኩ። ከተነሳ በኋላ ጭሱን አያለሁ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፤ ያ ገንዘብ ነው። ጥቁር ከሆነ ካርቡሬተር ነው፤ ያ ቀላል ነው። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሬ ኩሽኔታው መሃል ላይ ይይዝ እንደሆነ፣ የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ይጫወት እንደሆነ አያለሁ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አላየውም። ማንም እንደፈለገ ያዞረዋል።

ቀጥሎ እንጦጦ። ሻጩ ከፈቀደ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ሁለት ሰው ሆኖ መውጣት ነው፤ እሱ ራሱ ከኋላ ይቀመጥ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከፒያሳም ይሳሳል፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። እዚያ በሁለተኛ ማርሽ ሳያስል የወጣ ሞተር የትም ይወጣል። ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑን ታያላችሁ። የእኔው ተራራውን ሳይቸኩል ወጣ። ሻጩ ከኋላ ሆኖ "አየህ፣ አየህ" ይለኝ ነበር።

ከገዛሁ በኋላ የመጀመሪያውን ዝርዝር መሙላት ጀመርኩ። በወንበሩ ነበር የጀመርኩት፤ ምክንያቱም ባለቤቴ የመጀመሪያውን ጉዞ ስንሄድ አለም ገና ሳንደርስ ትከሻዬን መታ አድርጋ "ይሄ ወንበር ነው ወይስ ቅጣት?" አለችኝ። የመኪና ወንበር የሚሰፋ ሰው ጋ ወስጄ ጠንከር ያለ ስፖንጅ አስገባሁ። ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፤ ጢያ ሲደርሱ ግን ተጨፍልቆ ብረቱ ላይ ነው የተቀመጡት። የኋላ ፖርቶመጋላው ላይ የመፍቻ ሳጥኑ በአራት ብሎን የሚታሰርበት ብረት አስበየድኩ። ለጉዞ ሳጥኑ ይወርድና ቦርሳ ይታሰራል። ጎማውን አስፋልትም ጠጠርም የሚችል አደረግኩት። ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ለፎቶ ያምራል፤ ክረምት ላይ ናፍጣ የፈሰሰበት አደባባይ ላይ ግን ያንሸራትታል።

ደካማ ጎኑ ፍሬኑ ነው። ፊትም ኋላም ከበሮ ነው፤ ዲስክ የለውም። ለከተማ ይበቃል። ለረጅም ቁልቁለት ግን አነዳድ ይፈልጋል። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ታች ሳይደርስ ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል። ሲወጡ በምትጠቀሙበት ማርሽ ነው መውረድ። ሞተሩ ይጩህ፤ ምንም አይሆንም።

በመንገድ ላይ ከ80 አላልፍም። ከዚያ በላይ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ይደነዝዛል። ጠዋት 12 ሰዓት ከከተማ ከወጣሁ ጢያ ትክል ድንጋዮቹ አጠገብ ቡና ጠጥቼ ረፋድ ላይ ቡታጅራ ነኝ። በመስቀል ሰሞን ግን መኪናው ሁሉ ወደ ጉራጌ ስለሚጎርፍ ወይ ቀደም ብዬ እሄዳለሁ ወይ ለትዕግሥት እዘጋጃለሁ። አይሱዙ በጎን ሲያልፍ የሚለቀው ንፋስ ቀላል ሞተርን ይገፋል። ሲመጣ በመስታወት እያዩ ሰውነትን ዝቅ፣ መሪውን ላላ አድርጎ መያዝ ነው። ማታ አልነዳም። መብራት የሌለው ጋሪና አስፋልት ላይ የተኛ ከብት ጥሩ ሞተር አይመርጥም። ከመውጣቴ በፊትም ከዚያ አካባቢ በዚያው ሳምንት ለመጣ ሹፌር ደውዬ መንገዱ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ነዳጅ ላይ የፋብሪካ ቁጥር አልተጠቀምኩም። ሰርባትዮውን አፍ እስኪደርስ ሞልቼ፣ በጭነት ቡታጅራ ሄጄ፣ እዚያ እንደገና አፍ እስኪደርስ ሞላሁ። የሄድኩትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ማካፈል ነው። ከተማ ውስጥ ያለው ቁጥር ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ማደያ ሰልፍ በሚበዛበት ጊዜ የትኛው ከተማ ላይ መሙላት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ሊገዛ ፈልጎ አማከረኝ። ቤተሰቡ ባሕር ዳር ነው፤ መንገዱ ሲመች በየወሩ መሄድ ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቢሮው ካዛንቺስ፣ ቤቱ እዚያው አጠገብ ነው፤ በእግሩም ይደርሳል። አትግዛ አልኩት። ለእሱ ዝርዝሩ ይገለበጣል። ክብደቱን የሚሸከመው በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ 500 ኪሎ ሜትር በ80 መንዳት ግን ወገቡን ይጨርሰዋል። ሂማላያኑን ቢያየው ይሻላል፤ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ፣ ኬብሎችና ፊልትሮ አስቀድሞ ከውጭ አስመጥቶ ቤት ካስቀመጠ። ቁመቱም ከእኔ ስለሚረዝም ለማቆም አይቸገርም። ቅዳሜ እንጦጦ እንወጣበታለን።