ለጆርናላችን ጸሐፊዎች እንፈልጋለን

ዛሬ ለፕሮግራመሮች ማኅበረሰባችን ጆርናል የመጣ አንድ ረቂቅ ሳነብ ዋልኩ። ጸሐፊዋ ኮዱን ያበላሸው ለውጥ የትኛው እንደሆነ በ«ጊት ባይሴክት» (የኮድ ለውጦችን ታሪክ በሚይዘው በ«ጊት» ውስጥ ባለ የመፈለጊያ ትእዛዝ) እንዴት እንዳገኘችው ታስረዳለች። ትእዛዙ የለውጦቹን ታሪክ ለሁለት ለሁለት እየከፈለ ስለሚፈልግ፣ ከ1,000 ለውጦች መካከል ጥፋተኛውን ለመለየት 10 ያህል ሙከራ ይበቃል። እኔ ይበልጥ የወደድኩት ግን ያስቸገራትንም አለመደበቋን ነው፤ አንዳንዱ ለውጥ ጭራሽ ኮምፓይል ስለማይሆን (ወደሚሠራ ፕሮግራም ስለማይቀየር) «ስኪፕ» እያለች ማለፍ ነበረባት። እንዲህ ያለውን የሚጽፈው የሠራበት ሰው ብቻ ነው።

ለሚቀጥለው እትም ጽሑፍ አንሶናል። ሁላችንም በፈቃደኝነት ነው የምንሠራው፣ ክፍያ የለም። አርትዖቱን ለእኛ ተዉት፤ የኮድ ናሙናውንም እኛው አስኪደን እናረጋግጣለን። ሰሞኑን ያስቸገራችሁን ባግ (የኮድ ስህተት) እንዴት እንደፈታችሁት ሁለት ገጽ ጻፉልን። ጀማሪዎች፣ በተለይ እናንተ! የቱ ጋ እንደከበዳችሁ ገና አልረሳችሁትም። ርዕሳችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ።