እማዬ እስከ ዛሬ «ኮሞ» ትላታለች

ስፓኒሽ የጀመርኩት በእልህ ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን «ስፓኒሽ የሚችል ሰው ባገኝ ብዙ ሥራ ነበረኝ» አለ። እኔ ደግሞ አፌ አላረፈም። «ምን ይከብዳል? በሁለት ወር እለምደዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። ያ ሳቁ ነው ለዚህ ሁሉ ያበቃኝ።

የዚያኑ ማታ ስልኬ ላይ የቋንቋ መማሪያ ጫንኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ብልሃት የመጣልኝ መሰለኝ። ሰው ቋንቋ የሚፈልገው ለመጠየቅ ነው፤ ስለዚህ መጠየቂያ ቃላቱን ብቻ ባውቅ ሌላው ራሱ ይመጣል አልኩ። መልሱን ማን እንደሚረዳልኝ ግን አላሰብኩም። ወረቀት ላይ ጽፌ አልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩ። ኬ ምን፣ ኪዬን ማን፣ ዶንዴ የት፣ ኳንዶ መቼ፣ ኳንቶ ስንት፣ ኳል የትኛው፣ ኮሞ እንዴት፣ ፖር ኬ ለምን።

እውነቱን ለመናገር ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከእንግሊዝኛ የሚቀርብ ሆኖ ነው ያገኘሁት። «ፖር» ማለት «ለ» ነው፣ «ኬ» ደግሞ «ምን»። ለ–ምን! ቁርጥ የእኛ። «ኪዬን» ስለ ብዙ ሰው ሲሆን «ኪዬኔስ» ይሆናል። እንግሊዝ ይህ የለውም፤ እኛ ግን «እነማን» እንላለን። የጥያቄ ምልክታቸውን ደግሞ ገልብጠው ከፊት ይተክሉታል፤ መጨረሻ ላይ ቀጥ ያለውን ይደግሙታል። ጥያቄ እየመጣ ነው፣ ተጠንቀቅ ማለታቸው ነው። እኔን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ከእያንዳንዱ መጠየቂያ ቃል ላይ አንዲት ትንሽ ጭረት ነበረች። ጌጥ መስላኝ ዘለልኳት። ይህችን ጭረት ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እንግዳ በሰላም ወጥቶ በሰላም በሚገባበት ጊዜ ነው። ጓደኛዬ ደወለ። «አንዲት ስፔናዊት አለች። ግሽ አባይን፣ የአባይን ምንጭ፣ ማየት ትፈልጋለች። አንተ የሰከላ ልጅ አይደለህ? ስፓኒሽህንም እንሰማዋለን» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ያ ሳቅ አለ። ሄድኩ። ትልሊ ላይ ከአስፓልቱ ተገንጥለን ሽቅብ ወደ ሰከላ ስንወጣ መንገዱን ሙሉ በልቤ «ኬ፣ ኪዬን፣ ዶንዴ» እያልኩ እደግም ነበር፤ ልክ ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

እማዬ ኪዳን አስደርሳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀችን። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ። ጠበሉ የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ሁላችንም ውኃ እንኳ አልቀመስንም። የጎጃም እናት ሰላምታ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሰላምታ ሳይሆን የሕዝብ ቆጠራ ነው።

«እንደምን አደራችሁ? እንደምን ከረማችሁ? አገራችሁ እንደምን ነው? ክረምቱ እንደምን ነው? ከብቱ እንደምን ነው? ቤተሰቡ እንደምን ነው?»

ጓደኛዬ እጁን አጣጥፎ «ተርጉም እንጂ» አለኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ኮሞ እስታስ?» አልኳት። ፊቷ በራ። «ብዬን!» አለች። ደህና ነኝ ማለቷ ነው። እስከዚህ ድረስ እኔን የሚያህል አልነበረም። ግን ቀሪው ቆጠራ አለ። «እንዴት» የሚለውን አውቃለሁ፤ «ክረምት» እና «ከብት» የሚሉትን አላውቅም። ምን ላድርግ? በእጄ ረዳሁት። «ኮሞ...» ብዬ ሰማዩን አሳየሁ። «ኮሞ...» ብዬ ሁለት ጣቴን ግንባሬ ላይ እንደ ቀንድ አቆምኩ። ቤተሰብ ለማለት ደግሞ፣ ዘመድ የሆድ ነገር አይደል፣ «ኮሞ...» ብዬ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ሴትዮዋ ሳቋን አቆመች። ዓይኗ በኀዘኔታ ሞላ። ቦርሳዋን ከፍታ አንድ እሽግ ብስኩት አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው። ለእማዬም ሰጠቻት።

እማዬ ብስኩቱን አየች፤ ቤተ ክርስቲያኑን አየች፤ እኔን አየች።

«አንተ! ጠበል ሳንጠጣ? ምን ብለህ ነው የለመንካት?»

«ኧረ አልለመንኩም!»

«ታዲያ ምን አይታ ነው? እኔ አብልቼ መሸኘት ሲገባኝ እንግዳ ያብላኝ?»

ያቺን ጭረት አስታወሳችኋት? ጭረት ያላት «ኮሞ» እንዴት ማለት ናት። ጭረት የሌላት «ኮሞ» ግን፣ በአፍ ሲሏት ባትለይም፣ እበላለሁ ማለት ናት። እኔ ሰማዩን እያሳየሁ እበላለሁ፣ ቀንድ አብቅዬ እበላለሁ፣ ሆዴን ይዤ እበላለሁ ስላት ነበር። በዚያ ላይ በጾም አንጀት ሆድን ይዞ!

እማዬ ግን እንግዳ አታስከፋም። ብስኩቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፈች። «ስሟ ማን ነው?»

ይህ ቀላል ነው አልኩ። ማን «ኪዬን» ነው፤ ስም «ኖምብሬ» ነው። ገጠምኩት። «ኪዬን ኖምብሬ?»

ስፔኖች ስምን በ«ማን» እንደማይጠይቁ ያወቅሁት በኋላ ነው። «ራስሽን እንዴት ትጠሪያለሽ?» ነው የሚሉት። ስም በእንዴት ሲጠየቅ እኔ የት አውቄ! ሴትዮዋ ጆሮዋን አዘነበለችና «ኮሞ?» አለች።

እማዬ ፊቷ ፈካ አለ። «ኮሞ ነው ለካ ስሟ! ለዚህ ነዋ ቅድም ኮሞ፣ ኮሞ እያልክ የምትጠራት። እኔ አፈር ልብላ፣ ሳላውቅ ተቆጣሁህ። ኮሞዬ፣ ነይ የኔ ዓለም።»

እነሱ «ኮሞ?» የሚሉት ነገር ሳይገባቸው ሲቀር ነው፤ «ምን አልክ?» እንደ ማለት። ጓደኛዬ መኪናው ጎማ ሥር ተቀምጦ እንባውን ይጠርጋል። ለምን በእንግሊዝኛ አልጠየቅሃትም ትሉኝ ይሆናል። ኩራት ነዋ!

(ትክክለኛ ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አላስፈቀድኳትም። ኮሞ ግን አይደለም።)

ጠበሉን ጠጥተን ወጣን። እኔ አሁንም ተስፋ አልቆረጥኩም። «ፖር ኬ ግሽ አባይ?» አልኳት። ለምን መጣሽ ማለቴ ነው።

«ፖርኬ ፔድሮ ፓኤዝ...» ብላ ጀመረች።

እንዴ! ለምን ስላት መልሳ ለምን ትለኛለች? የእኛ አገር ሰው ነች ወይ? «ሲ፣ ሲ። ፖር ኬ?» አልኳት።

«ፖርኬ...» አለች እንደገና፣ አሁን ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

«ፖር ኬ?»

«ፖርኬ!»

እንዲህ ስንባባል ስንት ደቂቃ እንደቆየን እንጃ። ለየብቻ ሲሆንና መጨረሻው ጠበቅ ሲል «ለምን» ነው፤ አንድ ላይ ሲገጥምና መጀመሪያው ጠበቅ ሲል «ምክንያቱም» ነው። ሴትዮዋ ምክንያቷን ልትነግረኝ ስትደክም እኔ እያቋረጥኩ ለምን፣ ለምን እላታለሁ።

በመጨረሻ ጓደኛዬ አዘነልንና ገባበት። ፔድሮ ፓኤዝ የአገሯ ሰው ነው፤ ኢየሱሳውያን ከሚባለው ማኅበር የሆነ ስፔናዊ የካቶሊክ ቄስ። እ.ኤ.አ. በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ይህንኑ ምንጭ አይቷል። እንግሊዞች የሚያወድሱት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የመጣው ከ152 ዓመት በኋላ፣ በ1770 ነው። ማታ ስልኬን ስጎረጉር ደግሞ የፓኤዝ የትውልድ መንደር ድሮ «የሽንኩርቷ ኦልሜዳ» ትባል እንደነበር፣ ዛሬ «የምንጮቹ ኦልሜዳ» እንደምትባል አነበብኩ። ከሽንኩርት ወደ ምንጭ። ደስ አለኝ።

እማዬን ግን ብዙም ደስ አላላትም። «የሱስንዮስ ጊዜው ካቶሊክ?» አለችና ከንፈሯን ነከሰች። «ደግሞ አባይን አገኘሁ አለ? እኛ የት ሄደን ነበር?»

የመጨረሻው ጥያቄ የእሷ ነበር፤ የማይቀረው። «ልጆች ስንት አሏት?»

ልጆች «ኢኾስ» ነው። ስንት «ኳንቶ» ነው። ግን የእኔ መማሪያ «ኳንቶ»ን ያስተማረኝ ገበያ ውስጥ ነበር፤ «ኳንቶ ኩዌስታ» ብሎ፣ ዋጋው ስንት ነው። ምላሴ በለመደው መንገድ ሄደ። «ኢኾስ፣ ኳንቶ ኩዌስታን?»

ሴትዮዋ ቆመች። ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሙቾ!» አለች እጇን እያወናጨፈች። «ሙቺሲሞ!»

ይህን አውቀዋለሁ! «ብዙ ነው እማዬ! እጅግ በጣም ብዙ!»

እማዬ ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ እልልታዋን አቀለጠችው። ከጠበሉ የሚመለሱ ሴቶችም ነገሩን ሳያውቁ አገዟት። «ይደጉልሽ! እንደ አብርሃም ድንኳን ቤትሽ ይሙላ!» አንገቷን አቅፋ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳመቻት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው ሁሉም በእንግሊዝኛ የተፈታው። ሴትዮዋ ያላት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ የምትማር። «ብዙ» ያለችው ወጪዋን ነው። ጓደኛዬ ትልሊ እስክንደርስ መሪውን ይዞ ይንፈቀፈቃል። እኔ ኪሴ ውስጥ የቀረውን ብስኩት አውጥቼ በላሁ። ኮሞ፣ ያለ ጭረት።

እማዬ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ እሷ ነው። «ኮሞ ደህና ናት? ያ ሁሉ ልጅስ?» ልነግራት እልና እልልታዋ ትዝ ሲለኝ ዝም እላለሁ። «ደህና ናቸው እማዬ» እላታለሁ።

ትናንት ደግሞ አዲስ ነገር ጨመረች። «አሁንስ ስንት ደረሱ?»