ሳጥን ነው፣ ጥያቄ ምልክት ነው ወይስ የተቆረጠ ፊደል?

ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ቢሮ ውስጥ የአንድ ፕሮግራም አማርኛ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሰማው «ፎርማት ይደረግ» ነው። ኧረ አይደረግ! ስክሪኑ ላይ የወጣውን ልብ ብላችሁ እዩት።

ባዶ ሳጥን ከተደረደረ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጠፋው ፎንት ነው። ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ፔስት አድርጉት። እዚያ ከተነበበ ጥፋቱ ፕሮግራሙ በሚጠቀምበት ፎንት ላይ ነው። ኤብሪማ የሚባለው የዊንዶውስ ፎንት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የግዕዝ ፊደል አለው፤ ኒያላ የሚባለው ፎንት ግን ዊንዶውስ 10 ላይ ለብቻው ይጫናል። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ ገብታችሁ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ፤ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ከዚያ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱ። በጃቫ 8 የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጃቫው ውስጥ ሊብ፣ ከዚያ ፎንትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ «ፎልባክ» የሚል ፎልደር ፍጠሩና የአቢሲኒካን ፎንት ፋይል እዚያ አስቀምጡ።

ክፉው ጥያቄ ምልክት ነው። የወረዳ ስም ሳጥኑ ላይ «አንጎለላና ጠራ» ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉ «?????? ??» ሆኖ ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ምልክት፣ ክፍተቱ ብቻ እንዳለ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ዩኒኮድ (የየቋንቋውን ፊደል በቁጥር የሚወክል ሥርዓት) ስለማያውቅ ፊደሉን ጥሎታል፤ መቶ ፎንት ቢጫን አይመለስም፣ እንደገና መጻፍ ነው። የሲስተም ሎኬሉን (ዊንዶውስ ለአሮጌ ፕሮግራሞች የሚይዘውን ቋንቋ) አማርኛ ማድረግም አይረዳም፤ አማርኛ የድሮ ኮድ ፔጅ፣ ማለትም ከዩኒኮድ በፊት የነበረው ዓይነት የፊደል ሠንጠረዥ፣ ኖሮት አያውቅምና። ኮንትሮል ፓነል፣ ሪጅን፣ አድሚኒስትሬቲቭ፣ «ቼንጅ ሲስተም ሎኬል» ውስጥ ያለችው የዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ የሚጻፍበት መንገድ) ምልክት ማድረጊያ ግን አንዳንዱን ፕሮግራም ታድናለች። ሪስታርት ትጠይቃለች፤ ሌላ አሮጌ ፕሮግራምም ልታበላሽ ስለምትችል ባክአፕ ያዙ። ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ ፕሮግራመሩ ዓምዱን ከቫርቻር ዩኒኮድ ወደሚይዘው ኤንቫርቻር ይቀይር።

ጭረት ያለበት የላቲን ኤ (á) በየሦስት ምልክቱ ከተደጋገመ ዩቲኤፍ-8 ፋይል በሌላ ኮድ ተነቧል ማለት ነው። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ስለሚይዝ ነው እንዲህ የሚበታተነው። ኤክሴል ላይ ፋይሉን ደብል ክሊክ አታድርጉ፤ ከዳታ ትር አስገብታችሁ 65001ን (የዩቲኤፍ-8ን ቁጥር) ምረጡ።

የፊደሉ አናት ከተቆረጠ፣ ስክሪኑ ላይ የሚጫነው ቁልፍ (በተን) ቁመት ለላቲን ተለክቶ ነው የተሠራው። ፕሮግራሙን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ «ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ» ገብታችሁ «ሲስተም» አድርጉት። ካልሆነ የስክሪኑን ስኬል (የማጉያ መጠን) ከ125 ወደ 100 ፐርሰንት አውርዱ።