ድመት በእግሯ ነው የምታርፈው ላላችሁኝ

ዛሬ ጠዋት ውሮ ከኮንዶሚኒየማችን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደቀች። ርግብ አይታ ነው መሰለኝ። ነፍሴ ወጥታ ደረጃውን ስወርድ ጥበቃው ጋሼ ፈገግ ብለው «ምን ያስሮጥሻል ልጄ? ድመት እኮ በእግሯ ነው የምታርፈው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ በእግሯ ነው ያረፈችው። የፊት እግሯ ግን ተሰብሯል፣ አገጯም ደምቷል። ድመት አየር ላይ ተገልብጣ እግሯን ወደ ታች ታዞራለች እንጂ ሲሚንቶው አይለሰልስላትም።

አቅፌያት ስቀመጥ ሩር ሩር ማለት ጀመረች። የታች ጎረቤቴ «ይኸው ዳዊቷን እየደገመች ነው፣ ደህና ናት» ብለው ወተት ይዘው መጡ። እኔም ልቤ ትንሽ መለስ አለ። ሲደላት ነዋ እንዲህ የምትለው!

የእንስሳት ሐኪሙ ሳቀብኝ። ለካ ሲያማትም፣ ስትፈራም፣ ስትወልድም ሩር ትላለች። ወተቱንም መልሺው አለኝ። አብዛኛው አዋቂ ድመት የወተትን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም፤ ያስቀምጠዋል። ስንት ዓመት በፍቅር ሆዷን ሳበላሽባት ኖሬያለሁ! ምንጣፉ ላይ ስታደርገው ደግሞ የምቆጣት እኔው።

(ፀጉሯ አስም ያመጣል እያላችሁ ቤቴ አልመጣ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ አለርጂ የሚቀሰቅሰው በምራቋና በቆዳዋ ያለው ፕሮቲን ነው። ፀጉሩ ተሸካሚ ነው። አዎ፣ አሁንም አትመጡም፣ አውቃለሁ።)

አሁን እግሯ ታሽጎ አልጋ ስር ገብታለች። አኩርፋ አይደለም፤ ድመት ሲያማት ትደበቃለች። እኔም ወለሉ ላይ ተጋድሜ ይህን እጽፋለሁ። ለበረንዳ ሽቦ የሚሠራ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር።