በምግብ ቤት በር ላይ ያለው የንጽህና ቁጥር እንዴት ይሰላል?

የምግብ ንጽህና ደረጃን ብዙ ሰው እንደ ፈተና ውጤት ያነበዋል፤ የተመዘገበው መልካም ነገር ሁሉ ተደምሮ የተገኘ ይመስለዋል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር። ስሌቱን በጥሞና ከተመለከትኩ በኋላ ግን ከድምሩ ይልቅ ትልቁ ጉድለት የሚወስንበት አሠራር መሆኑን ተረዳሁ፤ ይህም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግሊዝ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሙበትን ከ0 እስከ 5 የሚደርስ ደረጃ እንውሰድ። የአካባቢው አስተዳደር ተቆጣጣሪ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ምግቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ እንደሚበስል፣ እንደሚቀዘቅዝና እንደሚቀመጥ፤ የቤቱ ንጽህና፣ አየር ማስወጫ፣ የእጅ መታጠቢያና የተባይ መከላከያ፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ሥራውን በምን ሥርዓት እንደሚመራ። የሚሰጠው ነጥብ የጉድለት ነጥብ ስለሆነ ምንም ያልተገኘበት ቤት ዜሮ ያገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘርፎች ጉድለቱ እስከ 25፣ በሦስተኛው እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ድምሩ 15 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቤት 5 የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ ሊያገኝ ይችላል፤ ከ50 በላይ ከሆነ 0 ይሆናል።

ዋናው ነገር ግን ለየደረጃው የተቀመጠው ሁለተኛ ገደብ ነው። ደረጃ 5 ለማግኘት በየትኛውም ዘርፍ ያለው ነጥብ ከ5 መብለጥ የለበትም፤ ለ4 እና ለ3 ከ10፣ ለ2 ከ15፣ ለ1 ከ20። ሁለት ቤቶች እኩል 20 ነጥብ አግኝተዋል እንበል። አንደኛው በአያያዝ 10፣ በሕንፃው 10፣ በአመራር 0 ከሆነ ደረጃው 4 ነው። ሌላው በሁለቱ ዘርፎች ዜሮ አግኝቶ በአመራር ብቻ 20 ከተመዘገበበት ግን ወለሉ ቢያብረቀርቅም ወደ 1 ይወርዳል። ይህ ለአንዳንድ ባለቤቶች ግፍ መስሎ ሊታያቸው ይችላል፤ ነገር ግን በጥሬ ሥጋ መክተፊያ ላይ ሰላጣ ቢከተፍ የግድግዳው ንጽህና በምግቡ ላይ ያደረውን ባክቴሪያ አያስወግደውም፤ አንዱ ዘርፍ የሌላውን ጉድለት ሊያካክስ የማይገባው ለዚህ ነው።

አመራሩ ከሁሉ የከበደ ነጥብ የተሰጠውም በምክንያት ነው። ተቆጣጣሪው የሚያየው ያንን ቀን ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት ምግቡ በቂ ሙቀት ማግኘቱን፣ ማቀዝቀዣው በትክክል መሥራቱን፣ ሠራተኛው መሠልጠኑን የሚመሰክሩለት የሙቀት መዝገቡ፣ የጽሑፍ አሠራሩና የሠራተኞቹ መልስ ናቸው። ጽዳት በአንድ ሌሊት ሊከናወን ይችላል፤ የወራት መዝገብ ግን እንዲያ በችኮላ አይሠራም።

ሌሎች ከተሞች በሌላ መንገድ ይቆጥራሉ። ኒው ዮርክም የጥፋት ነጥብ ትደምራለች፤ እስከ 13 ድረስ ኤ (A) የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ ያሰጣል። ሎስ አንጀለስ ከ100 ትቀንሳለች፤ 90 እና ከዚያ በላይ ኤ ይባላል። የምግቡ ጣዕም በየትኛውም ቦታ አይመዘንም።

በዌልስ ከ2013፣ በሰሜን አየርላንድ ደግሞ ከ2016 ጀምሮ ደረጃውን በር ላይ መለጠፍ በሕግ ግዴታ ሲሆን፣ በእንግሊዝ ግን እስካሁን በባለቤቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ስለዚህ እዚያ ባዶ በር ያየ ተመጋቢ የቤቱን ስም በኢንተርኔት ፈልጎ ደረጃውንና ቁጥጥሩ የተደረገበትን ቀን ማየት ይችላል።