አንድ ሊትር ስንት ነው?

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል በነርስነት ሳገለግል፣ ጤፍ በሚወቃበት በታኅሣሥ ወር፣ አንዲት ወጣት እናት የስምንት ወር ልጇን አዝላ መጣች። ልጁን መጀመሪያ ያስታወከው ባለፈው ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ተከትሎታል፤ ደም ግን የለውም፣ ትኩሳቱም ቀላል ነበር። አብረዋት የመጡት አያቱ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» አሉ፤ እኔ ግን ቫይረስ መሆኑን ጠረጠርሁ። በጤና ጣቢያችን ቫይረሱን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ ባይኖርም፣ በደረቁና በቀዝቃዛው ወራት ጨቅላ ሕፃናት እንዲህ ሆነው ሲመጡ አስቀድሞ የሚታሰበው ሮታ ቫይረስ ነው። የክትባት ካርዱን ስመለከት በ6ኛው ሳምንት የተሰጠው የሮታ ክትባት ተመዝግቧል፤ የ10ኛው ሳምንት ግን ባዶ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ የሚሰጥ ክትባት ግማሽ መንገድ ላይ መቅረቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

በዚያ ሰዓት የፈሳሽ እጥረት ምልክት ስላላየሁበት ሁለት ከረጢት ኦ አር ኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ለዐሥር ቀን የሚሆን ዚንክ ሰጠኋት። አያቱ መርፌ እንድወጋው ቢለምኑኝም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን እንደማይገድል አስረዳኋቸው። ከዚያም «አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠሽ ስጪው፣ ጡትም አታቋርጪ» ብዬ አሰናበትኋቸው። ውጭ ወረፋ የሚጠብቁ ብዙ እናቶች ስለነበሩ ቸኩያለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። የልጁ ዓይኖች ጎድጉደዋል፤ ሲጠሩት ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም፤ የሆዱን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ተሸብሽቦ ቆየ እንጂ ቶሎ አልተመለሰም። ደም ሥሩ ስለጠፋ መርፌውን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከርን። ክብደቱ 7 ኪሎ ስለነበር በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 210 ሚሊ ሊትር፣ በቀጣዮቹ አምስት ሰዓታት ደግሞ 490 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት የተባለ ፈሳሽ በደም ሥሩ እንዲገባለት አደረግን።

ፈሳሹ እየወረደ ሳለ እናቱን «ኦ አር ኤሱን አልሰጠሽውም እንዴ?» አልኋት፤ አጠያየቄ የወቀሳ ድምፅ ነበረው።

«እንዳሉኝ በጥብጬ ሰጠሁት፣ ሲስተር» አለች።

«በምን በጠበጥሽው?»

«በብርጭቆ። ሊትር የሚሉት ምን ያህል እንደሆነ አላወቅሁም፤ ወፈር ሲል ይበረታል ብዬ ነው። ሲያስታውከው ደግሞ ፈርቼ ተውሁት።»

መልስ አጣሁ። ቫይረሱ የትንሹን አንጀት ሽፋን እየጎዳ ውሃ የመምጠጥ አቅሙን ቀንሶታል፤ ለአንድ ሊትር የተመጠነው ጨውና ስኳር በአንድ ብርጭቆ ሲበጠበጥ ደግሞ ከሰውነት ወደ አንጀት ተጨማሪ ውሃ ይስባል፣ በደም ውስጥ ያለውንም ጨው ከመጠን በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። እርሷ የታዘዘችውን የፈጸመች መስሏት ነበር፤ መለኪያውን ያላሳየኋት እኔ ነኝ። ሲያስታውከው ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠብቃ በሻይ ማንኪያ ቀስ እያለች እንድትቀጥልም አልነገርኋትም። ለዚህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር።

ወደ ማታ ልጁ ሸና፤ ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ጡት ፈለገ። አያቱ «እመቤቴ!» ብለው መሬቱን ሳሙ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በጠረጴዛዬ ላይ ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ዕቃ አይጠፋም። እናቶች በራሳቸው እጅ ለክተው ይበጠብጣሉ፣ ልጁም እዚያው ፊቴ ይጠጣል፤ ቤታቸው ባለው ጣሳ ወይም ጆግ አንድ ሊትሩ የት ድረስ እንደሚደርስም አብረን እንሰፍራለን። ከዚህች እናት በፊት «በአንድ ሊትር» ብቻ ብዬ የሸኘኋቸው ግን ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ተመልሰው ያልመጡ አሉ።