ከጅማ ሆኖ ለቫዮሊንና ለቼሎ ማቀናበር፦ ዘንድሮ የተማርኩት

የምጽፈውን ኖታ የሚጫወቱት ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ናቸው፤ እኔ ጅማ ነኝ። በመካከላችን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ አለ። ቀረጻው ላይ ተገኝቼ «እዚህ ጋ ለስለስ አድርጉት» ወይም «ይህን ሐረግ ከድምፃዊቷ ጋር ጨርሱት» ማለት አልችልም። ስለዚህ ማለት የምፈልገውን ሁሉ ወረቀቱ ሊልልኝ ይገባል። ዘንድሮ ተሻሻልኩበት የምለው ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። በግላችሁ ለምትሠሩ፣ በተለይም ከስቱዲዮዎቹ ርቃችሁ ለምትኖሩ ባልደረቦቼ እንዲጠቅም በዝርዝር ልጻፈው።

ሥራው የሚመጣው በስልክ ነው። ድምፃዊው ወይም ፕሮዲዩሰሩ ዜማውን በቴሌግራም ይልክልኛል፤ አንዳንዴ ከኪቦርድ ጋር፣ አንዳንዴ ከክራር ጋር፣ አንዳንዴም ባዶ ድምፅ ብቻ። እኔ በጣም የምወደው ባዶውን ነው፤ ማንም ኮርድ ያልጫነበት ዜማ ማረፊያውን በግልጽ ያሳያል። ኖታውን የምጽፈው ሙዝስኮር በተባለው በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አራተኛው እትም የሚያሰማው የክር መሣሪያዎች ድምፅ ለእውነተኛው የቀረበ በመሆኑ፣ ደንበኛው ቅንብሩን ከቀረጻው በፊት መስማት ይችላል። ይሁን እንጂ የኮምፒውተሩ ቫዮሊን እጁ አይዝልም፣ ደጋኑም አያልቅበትም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱን መስመር በራሴ ቫዮሊን ሳልሞክር አልልክም። (የጅማ ክረምት እርጥብ ስለሆነ የመቃኛው እንጨት ያብጥና አልዞር ይላል፤ ቫዮሊናችሁን ከግድግዳ አርቃችሁ በሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ የቅኝቱ መነሻ ድምፅ ምርጫ። ትዝታ ሜጀር የተባለውን ቅኝት ከዶ ብንጀምረው አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። የቫዮሊን አራቱ ክሮች ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው፤ የቪዮላ (ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ ብሎ ድምፁ የሚወፍረው መሣሪያ) እና የቼሎ ደግሞ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ። ከእነዚህ ሁሉ አንድም ክር ከቅኝቱ ውጭ አይወድቅም! አንዱ ሲነካ ሌሎቹ አብረው ይርገበገባሉ፤ ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ቢሆኑም እንኳ ድምፁ ክፍሉን ይሞላዋል። ያንኑ ዜማ ወደ ሚ ፍላት (ከሚ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ወዳለው) ስንወስደው ድምፆቹ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት እና ዶ ይሆናሉ፤ ከቫዮሊኑ ክፍት ክሮች (ጣት ሳይጫንባቸው ከሚሰሙት) ቅኝቱ ውስጥ የሚቀረው ሶል ብቻ ነው። ድምፁ ይታፈናል። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገን ከሬ ስንጀምር ግን ሬ፣ ላ እና ሚ ይመለሱልናል።

መነሻውን የሚወስነው የድምፃዊው ጉሮሮ እንጂ የእኔ ምቾት አይደለም፤ በዚህ አልከራከርም። ግን መሪ ድምፁ ከመቀረጹ በፊት «ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብንል ይከብድሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ልዩነቱ አይሰማቸውም፤ ለክር መሣሪያዎቹ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ሥራውን በተቀበላችሁበት ቀን ነው።

ክፍት ክር የራሱ ገደብ አለው። ጣት ስለማያርፍበት ድምፁን ጣት በማወዛወዝ ማንቀጥቀጥ አይቻልም፤ የእኛ ዜማ ደግሞ ያለ መንቀጥቀጥና ያለ ጌጥ ይደርቃል። ረዥም ላ ላይ እንደ መሲንቆ የሚያለቅስ ድምፅ ስፈልግ ከኖታው በላይ 4 ቁጥርን እጽፋለሁ፤ ተጫዋቹ በሬ ክር ላይ በአራተኛው ጣቱ እንዲይዘው ማለት ነው። ፈጣን ምልልስ ሲሆን ደግሞ 0 እጽፋለሁ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከረዥም የስልክ ማብራሪያ ያድኑኛል።

ቀጥሎ የቼሎው ነገር አለ። ትዝታ ማይነር ከላ ሲነሳ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው። አምባሰል የተባለው ቅኝት ከሚ ሲነሳ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ድምፆቹ ያው አምስቱ ናቸው! ልዩነቱ ያለው ዜማው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ድምፃዊው በአምባሰል እያንጎራጎረ ቼሎው ከሥር ረዥም ላ ቢይዝ፣ የሰሚው ጆሮ ሳያውቀው ወደ ትዝታ ይሄዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው የቼሎውን መስመር ነው፤ ከላይ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል። ሥሩ ሲጸና ቫዮሊኖቹ ብዙ መሥራት አያስፈልጋቸውም። ከአምስቱ ድምፆች ውጭ የሆነ ድምፅ የማስገባው ግጥሙ ሲጠይቅ ብቻ ነው።

ከአምስቱ ድምፆች ውጭ መውጣት አይቻልም እያልኩ አይደለም። በዚችው በጅማ ከተማ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረው የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ኮርዶች ጋር አዋሕደዋል፤ ቅኝቱም አልጠፋባቸውም። እኔ የምደነቀው በሚተዉት ባዶ ቦታ ነው። ዜማው ሲናገር ኮርዱ ዝም ይላል። ለክር መሣሪያ ስጽፍ ይህን ትዕግሥት ለመከተል እሞክራለሁ፤ ድምፃዊው ጌጥ በሚያበዛበት ስንኝ ላይ ቫዮሊኖቹን አሳርፌ በስንኙ መጨረሻ ላይ አስገባቸዋለሁ። መሲንቆ ያለበት ዘፈን ከሆነ ደግሞ መካከለኛውን የድምፅ ክልል ሙሉ በሙሉ ለመሲንቆው እለቃለሁ።

ችክችካ በተባለው የጭፈራ ምት ላይ የተማርኩት ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ነው። ችክችካን በስድስት ስምንተኛ (ሁለት ምት፣ በድምሩ ስድስት ኖታ) ስንጽፈው በአንድ ምት ሦስት ኖታዎች ይኖራሉ። ተጫዋቹ ደጋኑን ታች፣ ላይ፣ ታች እያለ ከሄደ ሁለተኛው ምት ወደ ላይ በሚሄድ ደጋን ይጀምራል። ወደ ታች የሚሳብ ደጋን በባሕርዩ ይከብዳል፣ ወደ ላይ የሚሄደው ይቀላል፤ ስለዚህ አንዱ ምት ጠንካራ፣ ሌላው ደካማ ሆኖ ጭፈራው ያነክሳል። መፍትሔውን በስልክ ያስረዱኝ አንድ የማከብራቸው ነባር ቫዮሊን ተጫዋች ናቸው። ከሦስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ ወደ ታች ደጋን ማሰር፣ ሦስተኛውን ብቻውን ወደ ላይ መስጠት ነው፤ በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ምት ወደ ታች በሚሳብ ደጋን ይጀምራል። ነገር ግን ሦስተኛዋ ኖታ ብቻዋን ያንን ሁሉ የደጋን ርዝመት ስለምትመልስ ሳይታሰብ ትጮኻለች፤ ከሥሯ የ«ለስላሳ» ምልክት አድርጉባት። ይህን ካልጻፋችሁ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ሰው በራሱ መንገድ ይጫወተዋል፤ ቢጫወተውም ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስለ ቀረጻው ባጭሩ። በጀቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቫዮሊን ተጫዋችና ከተገኘ አንድ ቼሎ ነው። አንዱ ተጫዋች የአንደኛውንም የሁለተኛውንም ቫዮሊን መስመር ደጋግሞ ይቀርጻል። የቪዮላውን መስመር ቫዮሊን ሊጫወተው የሚችል ከሆነ ከታችኛው ሶል በታች አልወርድም፤ ቫዮሊን ከዚያ በታች ድምፅ የለውም። በየድግግሞሹ ተጫዋቹ ከማይክሮፎኑ ያለውን ርቀት እንዲቀይር ወረቀቱ ላይ አሳስባለሁ፤ አለዚያ ድምፁ እንደ ብዙ ሰው ሳይሆን እንደ አንድ ወፍራም ቫዮሊን ይሰማል። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ ከ8 ሜጋባይት በላይ ይይዛል፤ የአምስት ደቂቃ ዘፈን አሥር ትራኮች ቢኖሩት ከ400 ሜጋባይት ያልፋል። ስለዚህ ለግምገማ ኤምፒ3 ብቻ ይላክልኛል፤ ዋናው ፋይል እዚያው ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ቫዮሊን ወረቀት ላይ ከኖታው ሥር ግጥሙን መጻፍ ጀምሬያለሁ። እዚህ ከሚመጡልኝ ዘፈኖች ብዙዎቹ በአፋን ኦሮሞ ናቸው፤ በቋንቋው የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለያል። ተጫዋቹ ግጥሙን እያየ ሲጫወት ረዥሙ አናባቢ ላይ ከድምፃዊው ቀድሞ አይሮጥም። ቋንቋውን የማይናገር ተጫዋች እንኳ ከዓይኑ ይረዳዋል።

ክፍያን በተመለከተ ግማሹን ሥራ ስጀምር፣ ቀሪውን ኖታውን ሳስረክብ እቀበላለሁ፤ «አልበሙ ሲወጣ» የሚል ቀጠሮ አልወስድም። የማስተካከያው ብዛትና ስሜ በአቀናባሪነት የሚጠቀስበት ቦታ በጽሑፍ ይሰፍራል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሌላ ሥራ ለተወሰደ ሥራም ጥበቃ ይሰጣል፤ የዜማው ባለቤት መብት እንደተጠበቀ ሆኖ የእናንተም ድካም ባለቤት አለው። ስምምነታችሁን ስትጽፉ ይህን አትርሱ። ደግሞም ፊናሌ የተባለው የኖታ ፕሮግራም ከዚህ በኋላ እንደማይሻሻል ባለቤቱ ኩባንያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. አስታውቋል፤ አሮጌ ሥራ በፊናሌ ያስቀመጣችሁ ዛሬውኑ ሌሎች የኖታ ፕሮግራሞችም ወደሚያነቡት የፋይል ዓይነት፣ ወደ ሙዚክ ኤክስኤምኤል ገልብጡት።

አሁን አንቺ ሆዬ በተባለው ቅኝት ላይ ነኝ። ከሬ ስጀምረው ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ ይሆናል፤ ሬና ሶል ክፍት ክሮቼ ናቸው። የዘፋኞች ላ ፍላትና ሲ ግን ከኪቦርዱ ጋር ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ ኪቦርዱን ሳይሆን ድምፃዊውን ብቻ በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ እንዲቀረጹ ወረቀቱ ላይ አዝዣለሁ። ቼሎ ተጫዋች በአቅራቢያችሁ ያላችሁ ይህን ቅኝት በምን መነሻ እንደምትጽፉትና ቼሎውን የት እንደምታሳርፉት ብትነግሩኝ እጅግ ይጠቅመኛል፤ የጻፍኩትን የአራት መሣሪያ ወረቀት ለሚፈልግ ሁሉ እልካለሁ።